ለአየር ጠመንጃ ደረቅ አየር፦ ማጣሪያውን የሚያሠራው ቫልቭ ነው

እስከ 250 ወይም 300 ባር (1 ባር የውጭው አየር ግፊት ያህል ነው) የሚሞላ የአየር ጠመንጃ ያለው ሰው ኮምፕሬሰር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ባር እንደሚደርስና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ነው። ውሃው ትዝ የሚለው ሬጉሌተሩ (ጠመንጃው ውስጥ ግፊቱን የሚያስተካክለው ክፍል) ግፊት መያዝ ሲያቅተው ወይም የአየር ቱቦው ተፈትቶ ውስጡ ዝጎ ሲገኝ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ጠመንጃው ለወራት ምንም ሳይል ይቆይና አንድ ቀን ችግሩ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ማጣሪያ ይገዛል፣ ውስጡን እርጥበት የሚመጥ ደረቅ ፍሬ ይሞላል፣ ተገላገልኩ ይላል። ማጣሪያው ግን ብቻውን ሩቅ አይሄድም። የሚያሠሩት ከፊቱና ከኋላው የሚገቡት ቫልቮችና ከእሱ የሚቀድመው ማቀዝቀዣ ናቸው። ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል።

ውሃው ከየት ይመጣል

አንድ ሜትር ኩብ ቦታ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዝ የሚችለው የውሃ እንፋሎት 30 ግራም ያህል ነው። በ20 ዲግሪ 17 ግራም፣ በ10 ዲግሪ 9 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን መጠን የሚወስኑት ሙቀቱና የቦታው ስፋት ናቸው፤ እዚያ ቦታ ውስጥ የታጨቀው አየር መብዛት እምብዛም አይለውጠውም። ስለዚህ 300 ሊትር አየር ወደ 1 ሊትር ሲጨመቅ፣ ያ 1 ሊትር የሚሸከመው እንፋሎት የአንድ ሊትር ድርሻ ብቻ ነው። የተረፈው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨምቆ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል።

ባለ 6.8 ሊትር ቦምቦላ ከባዶ እስከ 300 ባር ሲሞላ 1.85 ሜትር ኩብ ያህል የውጭ አየር ይገባበታል። (6.8 ሊትር በ300 ሲባዛ 2,040 ሊትር፣ ማለትም 2.04 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚህ ግፊት አየር እንደ ሒሳቡ ልክ አይታመቅም።) አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 18 ግራም ውሃ አለ። ጠቅላላው 33 ግራም ይሆናል፤ የቡና ሲኒ ግማሽ እንደ ማለት ነው። ባለ 250 ሲሲ ጠመንጃ ከ150 ወደ 250 ባር ሲሞላ ደግሞ ወደ ግማሽ ግራም፣ ማለትም ዘጠኝ ጠብታ ያህል ይደርሳል። ዘጠኝ ጠብታ ጥቂት ይመስላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚሞላ ሰው ግን በዓመት 45 ግራም ውሃ ነው።

የምትኖሩበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐምሌ ሙቀት ከላይ ያለው ሒሳብ የተጋነነ አይደለም። ዴንቨር ላይ እርጥበቱ 20 በመቶ በሆነበት ቀን ያው የ30 ዲግሪ አየር የሚይዘው 6 ግራም ብቻ ነው። ዴንቨር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ የፒስተን ምት የሚገባው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል፤ የመሙያው ጊዜ ይረዝማል፣ ኮምፕሬሰሩም ለረጅም ሰዓት ይግላል። ግለት ደግሞ የማድረቅ ጠላት ነው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ጠመንጃው ውስጥ የገባው ውሃ የብረት ቱቦን ያዝጋል፣ አሉሚኒየምን በነጭ ዱቄት ሸፍኖ ይቦረቡራል። ከሁሉ የሚከፋው ሬጉሌተር ላይ የሚያደርሰው ነው። እዚያ ውስጥ የተደረደሩት የሳህን ቅርጽ ያላቸው ሞላዎች ሲዝጉ በነፃነት አይንቀሳቀሱም፤ የሬጉሌተሩ መዝጊያም ቆሻሻ ሲይዝ በደንብ አይገጥምም፣ ግፊቱም ቀስ እያለ ይሾልካል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃው ተሞልቶ ካደረ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ከቀጣዮቹ በተለየ ፍጥነት ይወጣል። በማጣሪያው ማፍሰሻ በኩል እንደ ወተት የነጣ ቅባት ከወጣ ደግሞ ውሃው ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ተደባልቆ ወደ ማጣሪያው እያለፈ ነው ማለት ነው።

ግፊቱ ራሱ ያደርቃል

ማጣሪያው ውስጥ 30 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ሜትር ኩብ የማጣሪያ ቦታ በማንኛውም ግፊት 30 ግራም እንፋሎት ይይዛል። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት 20 ባር ከሆነ ያ ቦታ የያዘው 20 ሜትር ኩብ የውጭ አየር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1.5 ግራም ውሃ ይዞ ወደ ፍሬው ይደርሳል። ግፊቱ 150 ባር ከሆነ ግን ያው 30 ግራም ለ150 ሜትር ኩብ ይካፈላል፣ ድርሻው ወደ 0.2 ግራም ይወርዳል። ቀሪው ከፍሬው በፊት በውሃ መለያው (ጠብታውን ከአየሩ በሚለየው ዕቃ) ውስጥ ጠብታ ሆኖ ቀርቷል። (በከፍተኛ ግፊት ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ያው ትልቅ ነው።) በዚያ ላይ በ20 ባር አየሩ በፍሬዎቹ መካከል የሚያልፈው በሰባት እጥፍ ተኩል ፍጥነት ስለሆነ ፍሬው ውሃውን ለመያዝ ጊዜ አያገኝም።

ባዶ ቦምቦላ መሙላት ስትጀምሩ የሚሆነው ይኸው ነው። ቦምቦላው ባዶ ስለሆነ ማጣሪያው ውስጥም ግፊት የለም። ከ0 እስከ 100 ባር ባለው ጊዜ ውስጥ ያለፈው አየር እርጥብ ነው፤ ጌጁ 300 ላይ ሲደርስ ደረቅ የመሰለው አየር ያንን እርጥበት ይዟል።

መፍትሔው ግፊት ጠባቂ ቫልቭ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ይገባል፤ ጠንካራ ሞላ ስላለው በማጣሪያው በኩል ያለው ግፊት ከ120 እስከ 150 ባር እስኪደርስ ድረስ አየር አያሳልፍም። ቦምቦላው 10 ባር ላይ ቢሆንም ማጣሪያውና ውሃ መለያው በ150 ባር ይሠራሉ። ይህ ቫልቭ ከሌላችሁ በእጅ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ከማጣሪያው በኋላ ባለ መርፌ መዝጊያ ግጠሙ፣ ዝጉት፣ ኮምፕሬሰሩ 150 ባር ሲደርስ በጥቂቱ ክፈቱና የማጣሪያው ጌጅ ከ150 በታች እንዳይወርድ እያስተካከላችሁ ሙሉ። አድካሚ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ሁልጊዜ 150 ባር የቀረው ጠመንጃ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ይህ ቫልቭ ብዙም አያስፈልጋችሁም፤ ግፊቱን ጠመንጃው ራሱ ይጠብቅላችኋል።

ከፍሬው በፊት ማቀዝቀዝ

በ60 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ 130 ግራም እንፋሎት ይይዛል፣ በ25 ዲግሪ 23 ግራም። በ150 ባር ሲካፈል 0.87 እና 0.15 ግራም ይሆናል። ማጣሪያችሁ 50 ግራም ሞለኪውላር ሲቭ (እርጥበት የሚመጥ የፍሬ ዓይነት) ቢይዝና ከክብደቱ 15 በመቶ ውሃ እንዲወስድ ብትፈቅዱለት 7.5 ግራም ይወስዳል። አየሩ ቀዝቅዞ ከገባ በዚያው ፍሬ 50 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 27 ባዶ ባለ 6.8 ሊትር ቦምቦላዎች ትሞላላችሁ። በ60 ዲግሪ ከገባ አምስት ቦምቦላ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ፍሬው ያው፣ ኮምፕሬሰሩ ያው፤ ልዩነቱ የአንድ ባልዲ ውሃ ነው።

ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን አየር ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚደርስ፣ ለዚህ ግፊት በተሠራ የማይዝግ ብረት ቱቦ አሳልፋችሁ ቱቦውን እንደ ቀለበት ጠቅልሉና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ውስጡ ላብ እንደሚያወጣው ሁሉ ውሃው እዚያ ቱቦ ውስጥ ጠብታ ይሆናል። ከቱቦው ቀጥሎ ውሃ መለያው ይቆማል፤ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይሠራም። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል፣ ውሃው ከታች ይጠራቀማል። የታችኛውን ማፍሰሻ በየ5 ደቂቃው በጥቂቱ ክፈቱ፤ ጭጋጉ እስኪጠራ ብቻ፣ ግፊቱ እስኪያልቅ አይደለም።

ምን ዓይነት ፍሬ

ከርካሽ ማጣሪያዎች ጋር የሚመጣው የጥጥ ካርትሪጅ ጠብታና ዘይት ይይዛል እንጂ እንፋሎት አያደርቅም። ጥጡ ሲጠግብ ውሃውን ወደ ፊት ይለቃል። ከፍሬው በፊት እንደ መጀመሪያ መጥረጊያ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ማድረቂያ ነው ማለት ግን ስህተት ነው።

ሲሊካ ጄል ርካሽ ነው፣ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ደርቆ ይመለሳል፣ ብርቱካናማው ሲጠግብ አረንጓዴ ስለሚሆን በዓይን ይታያል። ድክመቱ በሙቅ አየር ሥራው መቀነሱና ፈሳሽ ውሃ ሲነካው ፍሬው መሰንጠቁ ነው። 13ኤክስ ወይም 4ኤ የሚባለው ሞለኪውላር ሲቭ በሞቀ አየርም፣ እርጥበቱ በጣም ባነሰበትም ይሠራል፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እሱ ነው። መልሶ ለማድረቅ ግን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የቤት ምድጃ ዳር ዳሩን ብቻ ይደርስበታል። ዘይት ነክቶት የቡኒ ቀለም ያመጣ ፍሬ ይጣላል፤ ዘይቱን በማብሰያ ምድጃ ውስጥ ማጨስ አይገባም። ከሰል የሚያስፈልገው ሽታና የዘይት እንፋሎት ለመያዝ ነው፤ የሚገባም ከሲቩ በኋላ ነው፤ እርጥብ ከሰል ሥራ አይሠራምና። ለጠመንጃ ብቻ ለሚሞላ ሰው ከሰሉን መተውና ቦታውን ለሲቭ መስጠት ይሻላል።

ፍሬው ልቅ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናል፣ አየሩም በጎኑ መንገድ አበጅቶ ያልፋል። ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ከላይና ከታች የፌልት ክብ አድርጉ፣ በሞላ አጥብቁት። የብረት ማጣሪያ ውስጡ ስለማይታይ ፍሬው መጥገቡን የምታውቁት በሚዛን ነው፦ ደረቁን ካርትሪጅ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ ክብደቱን በላዩ ላይ ጻፉ፣ የፍሬው ክብደት በ12 በመቶ ሲጨምር ቀይሩት። 50 ግራም ፍሬ ከሆነ 6 ግራም ሲጨምር ማለት ነው።

አንድ አቅጣጫ ቫልቮቹ የት ይገባሉ

ቼክ ቫልቭ የሚባለው ይህ ቫልቭ ከግፊት ጠባቂው ይለያል። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ወደ ፊት በትንሽ ግፊት ይከፈታል፣ ወደ ኋላ ግን ጨርሶ አያሳልፍም። ሙሉው መስመር እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ኮምፕሬሰር፣ ማቀዝቀዣ ቱቦ፣ ውሃ መለያ ከማፍሰሻው ጋር፣ የመጀመሪያው ቼክ ቫልቭ፣ ማጣሪያ ከራሱ ጌጅ፣ ማፍሰሻና መፈንጃ ዲስክ (ግፊት ሲበዛ ቀድሞ ፈንድቶ አየሩን የሚለቅ ስስ ሳህን) ጋር፣ ግፊት ጠባቂ ቫልቭ፣ ሁለተኛው ቼክ ቫልቭ፣ የእጅ መዝጊያ፣ ጌጅና ማፍሰሻ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ጠመንጃ።

የመጀመሪያው ቼክ ቫልቭ ሥራ ኮምፕሬሰሩ ሲጠፋና ማፍሰሻው ሲከፈት የማጣሪያውን ግፊት ማቆየት ነው። እሱ ከሌለ የማጣሪያው አየር በጥቂት ሰኮንድ ወደ ኋላ ይወርዳል። ፍሬዎቹ ይጋጫሉ፣ ይፈጫሉ። ለወራት በግፊት ውስጥ የቆዩ ኦሪንጎች (አየር እንዳይሾልክ የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ደግሞ ውስጣቸው የሰረፀው አየር ድንገት ሲሰፋ ይነፋሉ፣ ይሰነጠቃሉ። በየጊዜው ባዶ የሚሆን ማጣሪያ ከክፍሉ እርጥበት ይስባል፤ ቀጣዩ መሙላትም እንደገና ከ0 ባር ይጀምራል። ማጣሪያውን ከ50 እስከ 100 ባር ይዞ እንዲያርፍ ማድረግ ፍሬውን ያቆየዋል።

ሁለተኛው ቼክ ቫልቭ ቦምቦላ ለሚሞሉ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም የቦምቦላው አየር ወደ ማጣሪያው እንዳይመለስ ይከለክላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ከጠመንጃው ለመላቀቅ ቱቦውን ስታፈስሱ ይህ ቼክ ቫልቭ የማጣሪያውን አየር አይዝላችሁም፤ ከማጣሪያ ወደ ቱቦ የሚሄደው አቅጣጫ ክፍቱ አቅጣጫ ነውና። ያንን የሚይዘው የእጅ መዝጊያው ነው። መዝጊያውን ሳትዘጉ ማፍሰሻውን ብትከፍቱ 300 ሲሲ ማጣሪያ ከ250 ባር እስከ ግፊት ጠባቂው 150 ባር ድረስ 30 ሊትር አየር ይለቃል፤ ግፊት ጠባቂ ከሌለ 75ቱም ሊትር ይወጣል።

መፈንጃ ዲስኩን ለማጣሪያው ለብቻው የምንለውም በቼክ ቫልቩ ምክንያት ነው። የኮምፕሬሰሩ ዲስክ ከቼክ ቫልቩ ማዶ ስለቀረ፣ የተዘጋው ማጣሪያ ፀሐይ ላይ ቢሞቅ የሚያስተነፍሰው ሌላ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው እዚህ ነው። ቼክ ቫልቭ ያለበት መስመር ላይ የኮምፕሬሰሩ ጌጅ ዜሮ ሲያሳይ ማጣሪያው ገና 300 ባር ይዞ ሊሆን ይችላል። ዜሮውን አይቶ የማጣሪያውን ክዳን የፈታ ሰው ክዳኑን እንደ ጥይት ወደ ራሱ ይለቃል። በሁለት ቼክ ቫልቮች መካከል ያለ ማንኛውም ክፍል የራሱ ጌጅና የራሱ ማፍሰሻ ሊኖረው ግድ ነው። ክዳኑ በእጅ ኃይል አልፈታ ካለም ቁልፍ ከማምጣታችሁ በፊት ግፊት አለበት ብላችሁ ገምቱ።

ፊሌቶው ሲመሳሰል

የእነዚህ ማጣሪያዎችና ቫልቮች ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ብዙ ጊዜ ኤም10 ባለ 1 ሚሊሜትር ወይም 1/8 ቢኤስፒ የሚባለው ልክ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፦ የመጀመሪያው ውጭ ለውጭ 10 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 9.73፤ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትርና 0.907። አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዙር ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል፤ 300 ባር ሲመጣ ግን ይላጣል። 1/8 ኤንፒቲ የሚባለው ሌላው የፊሌቶ ልክ ደግሞ ሾጣጣ ነው፤ የሚዘጋው በፊሌቶው ራሱ ስለሆነ ነጭ ቴፕ ይፈልጋል። በኦሪንግ ወይም በጎማና ብረት ጓርኒሲዮን የሚዘጉት ላይ ግን ቴፕ አይጠቀለልም፤ የተቆረጠው ጭራው ሄዶ ቼክ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ይተኛል። የፊሌቶ መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ግዙ። ማንኛውም ቁራጭ ላይ 300 ባር ወይም 4500 ፒኤስአይ የሥራ ግፊት ተብሎ ያልተጻፈበት ከሆነ አይገጠምም።

ቼክ ቫልቩ ሲያፈስ

መጀመሪያ ቀስቱን እዩ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። ከዚያ ፈትሹ፦ ማጣሪያውን 200 ባር ሙሉ፣ ኮምፕሬሰሩን አጥፉ፣ የውሃ መለያውን ማፍሰሻ ክፈቱና አፉ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ከወጣ የመጀመሪያው ቼክ ቫልቭ አይዘጋም። በጌጅ ብቻ የምትፈትሹ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ 50 ዲግሪ የነበረ አየር ወደ 27 ሲወርድ 200 ባሩ ምንም ሳያፈስ 186 ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የፍሬ ዱቄት ነው፤ ለዚህ ነው ከማጣሪያው መውጫ ላይ የነሐስ ማጥለያ የሚያስፈልገው። ግፊቱን ጨርሳችሁ ካፈሰሳችሁ በኋላ ቫልቩን ፍቱ፣ መቀመጫውን ክር በማይለቅ ጨርቅና በ99 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ ኦሪንጉ ላይ ጭረት ካለ ቀይሩት። በጎማ ጥንካሬ መለኪያ 90 የሆነ ኦሪንግ ተጠቀሙ፤ 70 የሆነው በዚህ ግፊት ክፍተቱ ውስጥ ተጨምቆ ይበጣጠሳል። መቀመጫው ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካገኛችሁት ውስጡ ቅባት ነዷል ማለት ነው። አየር ከ1 ወደ 200 ባር በቅጽበት ሲጨመቅ ሙቀቱ በሒሳብ ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል፤ የማሽን ግራሶ ወይም የሚረጭ ዘይት እዚያ ካለ ይቀጣጠላል። የሚቀባው ንጹሕ የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው፤ እሱም በስሱ። መዝጊያውንም ሁልጊዜ በዝግታ ክፈቱ። የብየዳ ወይም የሕክምና ኦክስጅን በዚህ መስመር ፈጽሞ አይገባም፤ ጥቂት ቅባት ብቻ መላውን ጠመንጃ ያፈነዳዋል።

በእጅ ፓምፕ ለሚሞሉና በሱቅ ለሚያስሞሉ

በእጅ ፓምፕ የሚሞላ ሰው ትልቁ መሣሪያው ዕረፍት ነው። 5 ደቂቃ ነፍታችሁ ፓምፑን አቀዝቅዙ፣ ማፍሰሻውን ከፍታችሁ የተጠራቀመውን ውሃ አስወጡ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ከመጥለቂያ ዕቃ ሱቅ ወይም ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሚሞላ ጣቢያ ቦምቦላ የሚያስሞላ ሰው ማጣሪያ አያስፈልገውም። ለመተንፈሻ የተዘጋጀ አየር በአውሮፓው ኢኤን 12021 መሠረት ከመሙያው ሲወጣ በሜትር ኩብ ከ25 ሚሊግራም በላይ ውሃ ሊኖረው አይገባም፤ ከላይ በሐምሌው ሒሳብ ካየነው 18 ግራም ጋር ስታነጻጽሩት ሰባት መቶ ጊዜ ያህል የደረቀ ነው። የሚያስፈልገው የእጅ መዝጊያ፣ ጌጅና ማፍሰሻ ያለው ቱቦ ብቻ ነው። ቦምቦላው ላይ የታተመውን ቀን ግን እዩ፤ አሜሪካ ውስጥ የብረትም ሆነ የካርቦን ፋይበር መተንፈሻ ቦምቦላ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ የካርቦኑ ደግሞ አብዛኛው ከተሠራ 15 ዓመት ሲሞላው ከሥራ ይወጣል፣ የትኛውም ሕጋዊ ሱቅ አይሞላውም።